የወንድሜ መኪና፣ ወገራ ላይ

ታኅሣሥ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ውርጩ ከገብሱ ላይ የፈሰሰ ጨው ሲመስል፣
መስታወቱን ከውስጥ እፍቅ ነበር በመንጃ ፈቃዴ፤
ትራፊክ አይቷት አያውቅም፤ ለዚህ ነው የያዝኳት እንዴ?
የሳንቲም ታህል ቀዳዳ፤ በሷ አጮልቄ
እስከ ዳባት ድረስ ነዳሁ፣ ተሳቅቄ።

ማሞቂያ አላት ይባላል። ክሩስኮቷ ላይ ሥዕል አለ፣
ቀይ መስመር፣ ጣት የላጠው፣ ከጊዜ ብዛት የከሰለ።
ወደ ቀዩ ብትገፋው፣ ወደ ሰማያዊ፣
የምትተነፍሰው ያው ነው፤ አንድ ነፋስ፣ ደጋዊ።

ከኋላ አራስ ተቀምጣ፣ ከሆስፒታል የወጣች፣
አንድ እግሯን በሌላው እግሯ ስታሽ ያነጋች፤
በነጠላ፣ በጋቢ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ
ልጁ የት እንዳለ እንኳ አይታይም ከኋላ።
«ሹፌር…» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።
ከዚያ ወዲያ ያለው ለኔም አልጠፋኝም።

ይህች መኪና ከኔ በፊት የወንድሜ ነበረች፤
መተማ ቆላ ወርዳ፣ ሰሊጥ ስታመላልስ የኖረች።
ያኔ ጠላቷ ሙቀት ነው። ሽንፋ መንገድ ላይ ስትፈላ፣
አንዱን ጀሪካን ጨልጣ እንደገና ስትል ሌላ።

አዘዞ፣ ጓንጉል ጋራዥ። ጓንጉል ቱቦዋን ዳበሰ፣
«ሞተሯ በሕይወት አለ፤ እዚህ ጋ ግን ሬሳ» አለና ተነፈሰ።
አንዲት ክዳን ፈታ፤ ሳቀ። «ባዶ ቤት ነው!» አለኝ፣
ቴርሞስታቷ መኖር የነበረባትን ጎሬ በካቻቪቴ አሳየኝ።
ውሃው እስኪሞቅ ድረስ በር ዘግታ የምትይዝ፣
ከካፖርት ቁልፍ ያልበለጠች፣ ሞተሩን ግን የምታዝ።

የነቀላትን አውቃለሁ፤ ለጓንጉል አልነገርኩም።
ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ፤ ያኔ ብርድ አላውቅም።
«ተገላገልን!» ብሎ ወደ ቁጥቋጦ ሲወረውራት
እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለቆላ ልክ ነበር፤ ደጋን ማን አስታወሳት?

አራዳ አጣናት፣ ፒያሳ አጣናት፣ ባሕር ዳር ደወልን፤
በሚኒባስ ረዳት ኪስ መጣች፤ እንደ ቀለበት ተቀበልን።
የማሞቂያዋ ሆድ ደግሞ ዝገት ቋጥሯል፤
ጓንጉል ኮምጣጤ በሙቅ ውሃ ሲግታት፣ ጭቃ አስመልሷታል።
ወደሷ የሚሄደውን ቱቦ ወንድሜ መልሶ፣ አዙሮ
በሽቦ አስሮት ኖሯል፣ እንደ ቂመኛ ጉሮሮ።
ፋሸታ ጠፋ፤ ጓንጉል ከቆመ አይሱዙ ተበደረ፣
የበሩን ስንጥቅ በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ዙሪያውን አሰረ።
ከወለሉ ምንጣፍ ሥር የእናቴን ዝተት
ቆርጬ አነጠፍኩ። እስካሁን አላወቀችም፤ ያወቀች ቀን፣ አቤት!

ማራገቢያዋ ግን አልዳነችም፤ ዛሬም ትጮኻለች፣
እናቷን እንዳጣች ጥጃ መንገዱን ሁሉ ትጣራለች።
«ለሷ ሌላ ቀን» አለኝ ጓንጉል፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ።

ጥር። ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ። ውርጩ ያው ነው፣ አልራራ።
ግን ከእግሬ ጣት ተነሣ፣ ቀስ እያለ፣ ተራ በተራ፣
ጉልበቴን፣ ከዚያ እጄን። ከመስታወቱ ታች ጥግ ላይ
አንድ ግማሽ ጨረቃ ተከፈተ፤ ሰፋ፤ ገብሱ፣ በጉ፣ ሁሉም ሲታይ
መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ረስቼዋለሁ።

ከኋላ ሌላ አራስ ናት፣ የጃናሞራ፣ ትርንጎ ነኝ ያለችኝ፤
ዳባት ስንደርስ ጋቢውን ገለጠችና ልጇን አሳየችኝ።
በስፖኪዮው አየሁት፤ ቀይ፣ ተኮሳትሮ፣ ግንባሩን ያላበው።
«ቀንስልን እንጂ፣ ሹፌር! ልጁን እኮ ሙቀት ፈጀው!»

ደባርቅ ስገባ ወንድሜ ደወለ፣ ከመተማ፣
ከጀርባው የሰሊጥ ማበጠሪያ ጩኸት እየተሰማ።
«እንዴት ናት?» አለ። «ሞቃለች» ስለው፣ «አቁማት! ውሃ ይዘሃል?» አለኝ።
«ይዣለሁ» አልኩት። ሌላም ልል ነበር፤ ሳቄ መጣና አነቀኝ።